የሦስተኛዋ አንጓ ነገር

የዚያን አገር ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «ይኼማ የኛው ነው» ትሉና እኔንም እናንተንም ጣጣ ውስጥ ትከታላችሁ። ዙሪያውን በግንብ የታጠረ እንደነበር ብቻ ያዙልኝ። ግንቡ የድንጋይ አልነበረም፤ ከሞራ የተለሰነ ነበር። ለምን ከሞራ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላውቅም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሸንጎው ጸሐፊ ሆኜ ስኖር ሥራዬ መጻፍ እንጂ መጠየቅ አልነበረም።

የአገሩ ትልቁ ሕግ እንዲህ ይላል፤ ከውጭ የመጣ መልእክተኛ አይግባ፣ መልእክቱ ግን ይግባ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። በሩን የሚጠብቀው ድንበሩ የሚባል አጋፋሪ ግማሽ አካሉ ከግንቡ ውጭ፣ ግማሽ አካሉ ከግንቡ ውስጥ ሆኖ ነበር የሚኖረው። ወዲያም ወዲህም እንዳይወድቅ መቀነቱ ግንቡን ሰባት ጊዜ እየበሳ ታስሮለታል። መልእክተኛው በውጭ በኩል ቃሉን ጆሮው ላይ ይተነፍስለታል። ድንበሩ የሰማውን ለማንም መናገር አይችልም፤ ክልክል ነው። ግን ቃሉ ሲደርሰው ወገቡ ይታጠፋል። ወገቡ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ተረከዙ ወደ ኋላ ይሄድና አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ብላታ ዘርጋውን ይገፋቸዋል። በዚያ አገር ከውጭ ዓለም የሚመጣ ወሬ ሁሉ የሚገባው በተረከዝ ነበር።

አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንዱ ብላታ ዘርጋው ናቸው። ሁለቱ ተለያይተው ታይተው የማያውቁ መንትዮች ናቸው። ሦስቱም የሚለብሱት አንድ ኩታ ነው። ብላታ በእጃቸው ባለ ሁለት አንጓ ሸምበቆ ይይዛሉ። ባለ ሁለት አንጓ የያዘ ሰው በሕግ ተኝቷል ይባላል፤ ዓይኑን አፍጥጦ ዝንብ እያባረረም ቢሆን ተኝቷል። የድንበሩ ተረከዝ ሲገፋቸው ያችን ይጥሉና ከግድግዳው ላይ ባለ ሦስት አንጓ ያነሣሉ። አሁን በሕግ ነቅተዋል። የነቃ ሹም ደግሞ የሚሻው ይፈጸማል፤ የሚቃወመው የለም። ኩታውን ለመንትዮቹ ትተው ግንቡን ታከው ወደ ውሃ ቤቱ ይሄዳሉ። መልእክቱ ምን እንደነበር አያውቁም፤ የሚያውቁት መገፋታቸውን ነው።

የውሃ ቤቱ አዛዥ ገረመው ሸምበቆዋን ያይና አንጓዋን ይቆጥራል። ሦስት ከሆነች መቶ ደወል ያስደውላል። ውሃ ከፋቾቹ ቃል አይሰሙም፣ ሰው አያዩም፤ ደወል ብቻ ነው የሚሰሙት። ደወሉ እስከተደወለ ድረስ የጉድጓዱን በር ይከፍታሉ፤ ውሃው በግንቡ ሥር ወጥቶ ውጭ ያለውን አትክልት ያጠጣል። ደወሉ ዝም ካለ ይዘጋሉ። ደወሉ እየተደወለ ከጉድጓዱ መቅዳት ለማንም ክልክል ነው።

ታዲያ ደወሉን ዝም የሚያሰኘው ምንድን ነው? ሕጉ እንዲህ ነው። ብላታ ሦስተኛዋን አንጓ በገዛ ቀኝ አውራ ጣታቸው ገፍተው ይሰብሯታል። በተሰበረችበት ቅጽበት ሸምበቆዋ ባለ ሁለት አንጓ ትሆናለች፤ ብላታም ቆመው ሳለ ይተኛሉ፤ ተመልሰው ኩታቸው ውስጥ ይገባሉ። ግን ሥልጣን እጅ ላይ ሲሆን ጣት ይከብዳል። የብላታም ጣት ይከብድ ነበር፤ ክፉ ሰው ስለነበሩ አይደለም፣ ውሃ ሲፈስ ማየት ደስ ስለሚል ነው። ስለዚህ አስታዋሽ ተሾመችላቸው፤ ወይዘሮ ትደነቂያለሽ። የአስታዋሽነት ገመዷን አንገቷ ላይ ካጠለቀች ጀምሮ ከአንድ ቃል በቀር ለማንም ሌላ መናገር አትችልም። ቃሉም «ብላታ፣ አንጓዋን» ነው። ትላቸዋለች፣ ይሰብራሉ፣ ይመለሳሉ። ይኼ ሁሉ ሁለት ሽማግሌዎች ሰላምታ ተሰጣጥተው እስኪጨርሱ ያህል ነው የሚፈጀው። በቀን አንዴ፣ አንዳንድ ቀን ሰባቴ።

አንድ ቀን ስድስት እንግዶች መጡ። አምስቱ ግንቡን አቀፉት። ይስሙታል፣ ጉንጫቸውን ያሹበታል፣ አንለቅም ይላሉ። የአገሩ ሰው ግንቡን እንዲህ የሚወድ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ሥራውን እየተወ ሊያያቸው ወጣ። ሸንጎውም ሳይቀር ወጣ። አምስቱን ስናደንቅ ስድስተኛው የት እንደገባ ማንም ልብ አላለም። ስንመለስ ሸንጎው ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። «ማን አስገባህ?» አላልነውም፤ ገብቶ የተገኘን ሰው መጠየቅ ነውር ነው።

ሰውየው ቀጭን ድምፅና ጥሩ ጠባይ ነበረው። «አገራችሁን የሚያቀና ጣት ባዶውን ይሁን?» አለ። ከብብቱም የብር አፎት አወጣ፤ ሰይፍ የሚገባበት ሳይሆን አውራ ጣት የሚገባበት። ከሥር እስከ ጫፍ ጣትን ይውጣል፤ ያብረቀርቃል። የሸንጎው ሰብሳቢ ፊታውራሪ ማንያዘዋል እንባቸው መጣ። እዚያው ብላታን አስጠርተው ቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ አጠለቁላቸው፤ ልክክ አለ። ከዚያም አዋጅ ወጣ፦ አፎት ያጠለቀ አውራ ጣት የአገር ክብር ነው፤ አይነካም፣ አይታጠፍም፣ አይወለቅም።

አዋጁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አይታጠፍም» የምትለዋን ስጽፍ ብዕሬ ትንሽ ቆማ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ዝም አይነቅዝም እያልኩ ነው የኖርኩት። ፊደሉም አምሮልኝ ነበር። እንግዳው እራቱን በላ፣ አመሰገነ፣ ከዚያ በኋላ አይቶት የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ የድንበሩ ተረከዝ ገፋ። ብላታ ባለ ሦስት አንጓውን አነሡ፣ ሄዱ፣ መቶው ደወል ተደወለ፣ ውሃው ወረደ። ትደነቂያለሽ ሰዓቷን ጠብቃ «ብላታ፣ አንጓዋን» አለች። ብላታ ገፉ። ብሩ ሸምበቆዋ ላይ ተንሸራተተ። ደግመው ገፉ። ጣታቸው ብሩ ውስጥ ሆኖ ይታገላል፤ አፎቱ ግን አይታጠፍም።

«ብላታ፣ አንጓዋን።»

«እምቢ አለችኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማባቸው።

የመጀመሪያው ቀን ደስታ ነበር። ደወሉ ሳያቋርጥ ሲደወል ሰዉ በዓል መሰለው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ይባል የለ፤ እኛንም የወሰደን እንደዚያ ነው። ሸንጎው ዓመቱን «የውሃ ዓመት» ብሎ ሰየመ፤ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ማድጋዋን ይዛ መጥታ «ጉድጓዱ እየጎደለ ነው» አለች። ሸንጎው ተሰበሰበ።

«ሸምበቆዋ ስንት አንጓ ናት?» አሉ ፊታውራሪ።

«ሦስት ናት» አለ አዛዥ ገረመው።

«እንግዲያ ብላታ ነቅተዋል። የነቃ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል።»

ሸንጎው በዚሁ ተነሣ።

በሦስተኛው ቀን የጥማት ሹም ተሾመ። ሥራው የተጠማውን ሰው መመዝገብ ነው፤ ያልተመዘገበ ጥማት ጥማት አይደለም ተባለ። ሰዉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ተመዘገበ። ከተሰለፉት ገሚሶቹ ምላሳቸው ደርቆ ስማቸውን መናገር ስላቃታቸው «ስም የለሽ» ተብለው ተመለሱ። ከግንቡ ውጭ ያለው አትክልት ደግሞ በውሃ ብዛት በሰበሰ። በውጭ ያለው ሰጠመ፣ በውስጥ ያለው ደረቀ፤ መካከል ላይ እኛ ነቅተናል እያልን ተቀመጥን።

የትደነቂያለሽ ልጅ አጸደ በዚያው ሰሞን ወለደች። ሴት ልጅ ናት የወለደችው፤ የመጀመሪያዋ ነው። አራስ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ካልጠጣች ጡቷ አያግትም። ቤታቸው ውስጥ ጠብ የሚል የለም። ጎረቤት የነበረውን አካፍሎ ጨርሷል። በአራተኛው ቀን የአጸደ ወተት ቆመ። ሕፃኗ ትጠባለች፣ ታጣለች፣ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ማልቀሱንም እየተወችው መጣች።

ትደነቂያለሽ ይህንን ሁሉ ለብላታ መንገር አልቻለችም። ገመዱ አንገቷ ላይ ነው። አስታዋሽ ደግሞ የነቃውን ሹም ትታ ገመዷን ልታወልቅ አትችልም፤ ወደ ቤቷ ደርሳ ስትመለስ እንኳ እንዳጠለቀችው ነው፤ ለልጇም ቃል አታወጣም። የነበራት ቃል ያችው አንዷ ናት። እሷኑ ለመነችባት። እሷኑ አለቀሰችባት። አንድ ቀን እንደ ሙሾ አወረደቻት፤ ውሃ ቤት ያለን ሁሉ እንባችንን ዋጥን። አንድ ቀን ደግሞ እንደ እርግማን ወረወረቻት፤ አዛዥ ገረመው ሳይቀር አማተበ። «ብላታ፣ አንጓዋን» በምትለው ቃል ውስጥ «የልጅ ልጄ ልትሞት ነው» የሚል ነገር እንዳለ ውሃ ቤት ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ሰማን፤ ሕጉ ደግሞ በሦስት አንጓ ላይ እጅ ማንሣት አይፈቅድም።

ብላታ እስከ አምስተኛው ቀን ታገሉ። ሸምበቆዋን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሊሰብሯት ሞከሩ፤ በገዛ ቀኝ አውራ ጣትህ ይላል እንጂ በጉልበትህ አይልም ብለው የውሃ ቤቱ ዘበኞች አስቆሟቸው። በስድስተኛው ቀን መሞከር ተዉ። ሰው እየመጣ አፎቱን ይሳለምላቸዋል። ትራስ ተደርጎላቸዋል። አጠገባቸው ሆኜ ስጽፍ ወደኔ ዘንበል አሉና «አለቃ፣ ምናልባት እንዲህ እንዲሆን ተፈልጎ ይሆናል» አሉኝ። እኔ ከሚደርቀው ጉድጓድ ይልቅ ያቺ «ምናልባት» አስፈራችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የማውቃቸው ሰው ናቸው።

በሰባተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ትደነቂያለሽ ከቤቷ ስትመለስ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ሕፃኗ አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ የላትም። ትደነቂያለሽ ብላታ ፊት ቆማ ቃሏን ልትል አፏን ከፈተች፤ እሷም ድምፅ አልወጣላትም። ሰባት ቀን ሙሉ ጮኻ ነበር፣ ጉሮሮዋም ደርቆ ነበር።

እንግዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። አጠገባቸው ትራሱ ላይ ተቀመጠች። የራሷን ቀኝ አውራ ጣት አነሣችና የብላታ ጣት ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ ላይ፣ ሦስተኛዋ አንጓ ላይ አኖረችው። ዘበኞቹ ክው አሉ። ብላታ አዩዋት፤ ከትከሻዋ በላይ ያለችውን የሕፃኗን አፍ አዩ። ሸምበቆዋን ቢለቋት ኖሮ አትሰበርም ነበር፤ አንዱ ወገን ካልጨበጠ ሌላው ቢገፋ ከንቱ ነው። አልለቀቋትም። በቀሩት አራት ጣቶቻቸው ጨበጧት። ትደነቂያለሽ ገፋች።

ቀጭ አለች።

ደወሎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የውሃው በር ተዘጋ። ሰባት ቀን ሲደወል ከርሞ ዝም ሲል ጆሮ ያማል። ጉድጓዱ ግርጌ የቀረው ደፍራሽ ውሃ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ትደነቂያለሽ ማንንም አልጠየቀችም፤ ወርዳ በቅል ቀዳችና ሕፃኗን እንዳዘለች ወደ ልጇ ሄደች። ብላታም ተነሥተው ወደ አግዳሚያቸው ሊሄዱ ሲሉ ዘበኞቹ ያዟቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሸንጎ ተቀመጠ። ፊታውራሪ ማንያዘዋል ተቆጥተው ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሦስተኛዋን አንጓ የሰበረው የማን ጣት ነው?»

ገመዱ አንገቷ ላይ ስለነበር መመለስ የምትችለውን መለሰች።

«ብላታ፣ አንጓዋን።»

«ሸንጎውን ትዘልፋለች፤ ይጻፍ» አሉ። ጻፍኩ።

ይኼኔ ብላታ ዘርጋው ቆሙ። «ጣቱ የኔ ነው» አሉ።

«የእርስዎማ አፎት ውስጥ ነው።»

«አፎት ውስጥ ያለው የሸንጎው ነው። አይነካም አላችሁ፣ አይታጠፍም አላችሁ፣ አይወለቅም አላችሁ። ታዲያ በምኑ ነው የኔ የሚሆነው? በተቸገርኩ ጊዜ የደረሰልኝ ጣት ያ ነው፤ የኔም ያ ነው።»

ሸንጎው ተንሾካሾከ። ከብዙ ክርክር በኋላ እንዲህ ተወሰነ፦ ብላታ ዘርጋው ሦስት አውራ ጣት አላቸው፤ ሦስተኛው ለጥበቃ ሲባል በወይዘሮ ትደነቂያለሽ እጅ ላይ ተቀምጧል። ይህንንም ጻፍኩ። ክሱ ከሷ ላይ ወርዶ እሳቸው ላይ ወጣ። ክሱም «ነቅቶ ሳለ በገዛ ፈቃዱ ተኛ» የሚል ነው። ቅጣቱ ከግንቡ ውጭ መጣል ነው፤ እዚያ ደግሞ በውሃ የበሰበሰ ማጥና ግንቡን ያቀፉ አምስት ሰዎች ናቸው ያሉት።

«ወግ ከሆነ ይቅር እንላለን» አሉ ፊታውራሪ። «በዚህ አገር ሦስተኛዋን አንጓ ወድዶ ሰብሮ የተመለሰ ሹም ተሰምቶ ያውቃል? አለቃ፣ እስቲ መዝገቡን ይዩልን።»

ገለጥኩ። የኔን ሠላሳ አንድ ዓመት ገለጥኩ፣ ከኔ በፊት የነበሩትንም ገለጥኩ። የተሾመው ሁሉ አለ። ሸምበቆ ያነሣ ሁሉ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት እንዳነሣ አለ። ሰብሮ የተመለሰ ግን አንድ የለም። በየቀኑ የሚሆን ነገር ስለነበር ከኔ በፊት የነበሩትም አልጻፉትም፣ እኔም አልጻፍኩትም። ፀሐይ ወጣች ብሎ የሚጽፍ ማን አለ?

«የለም» አልኩ።

«ካልተጻፈ አልተደረገም» አሉ ፊታውራሪ። ይህ ያገሩ ሁለተኛው ትልቅ ሕግ ነው።

ትደነቂያለሽ ያን ጊዜ ገመዷን ከአንገቷ አወጣች። ሹሙ ከተኛ ማውለቅ ትችላለች፤ ጭንቀቱ አስረስቷት ነበር እንጂ። መሬት ላይ አስቀመጠችውና ወደኔ ዞረች። ከሰባት ቀን በኋላ ሌላ ቃል ስትናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ድምፅዋ ገና አልተመለሰም ነበር።

«አለቃ፣ ሁልጊዜ ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር።»

«እላለሁ።»

«ነቅዟል እኮ።»

አፈርኩ። በዚያ ዕድሜዬ በአንዲት ሴት ፊት እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ብዕሬን ነከርኩ። ወደ ሥራ የገባሁበትን የመጀመሪያ ቀን ገጽ አወጣሁና ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ «በዚህ ቀን ብላታ ዘርጋው ሦስተኛዋን አንጓ ሰብረው፣ ተመልሰው ተቀመጡ።» እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ መዝገቡን ለፊታውራሪ ሰጠሁ።

እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው ጠቆረ። ጣታቸውን አዩ፣ መዝገቡን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ተጽፏል» አሉ።

ከሸንጎው አንዱ ተነሥቶ «መቼ ነው የተጻፈው?» አለ።

«መቼ ተጻፈ የሚል ጥያቄ በሕጋችን የለም» አሉት። «ከተጻፈማ ተደርጓል። ይሂዱ።»

እንዲህ ሆኖ ብላታ ነፃ ወጡ። አፎቱ ግን አልወለቀም፤ ክብር አንዴ ከተሰጠ አይነሣም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ተረከዝ በገፋ ቁጥር ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ይጨብጣሉ፣ ትደነቂያለሽ በእሳቸው ሦስተኛ ጣት ትሰብራለች። የአጸደ ወተት ደወሉ ዝም ባለ በሦስተኛው ቀን ወረደ፤ ሕፃኗ አሁን ቆማ ትሄዳለች። ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ አሥራ ሰባት ሰው ሞተብን። የሁሉንም ስም ጻፍኩ፤ ሳይሾሙ የሸንጎው መዝገብ ውስጥ የገቡ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነሱ ናቸው። ስጽፍ አልቅሻለሁ፤ «አይታጠፍም» ያልኩባት ብዕር ናትና።

ሸንጎው በፍርዱ ማግስት አስጠርቶኝ አንድ ጊዜ መመለስ ወግ አይሆንም፣ ሌላውም ይጻፍ አለኝ። እሺ ብዬ ያዝኩት። የሠላሳ አንድ ዓመት መመለስ፣ አንዳንድ ቀን ሰባቴ፣ አንድ በአንድ። አሁን ከሠላሳ አንዱ የስምንተኛውን ዓመት መመለስ እየጻፍኩ ነው። እኔ የድሮውን ስጽፍ እሳቸው አዲስ ይመለሱና ሌላ ይጨምሩብኛል።

ትናንት ከውሃ ቤቱ ሲመለሱ አጠገቤ ቆሙ።

«አለቃ፣ ገና ነዎት?»

«ገና ነኝ። እርስዎ እየተመለሱ እንዴት ልጨርስ?»

«እንግዲያ አይጨርሱ» አሉኝ። መንትዮቹ ጠጋ ጠጋ አሉላቸው፤ ኩታውን ተከናንበው ተቀመጡ።